የጥድ አምባ ወፍ

አንድ በሬ ያለው ሰው ግማሽ ገበሬ ነው። ፋንቱ ከዚያም ታንስ ነበር፤ በሬው አንድ፣ እሷ ደግሞ ሴት። ሴት ሞፈር አትይዝም።

ተወልዳ ያደገችው ጥድ አምባ ነው። ስማዳ ውስጥ፣ ማልዶ የተነሳ ሰው ረፋዱ ላይ ወገዳ ገበያ የሚደርስበት ገብስ አብቃይ ደጋ። እዚያው ተዳረች። ባሏ ማሩ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ። የወለደቻቸውን ፈንጣጣ ወሰዳቸው። የቀራት ከእናቷ የወረደላት ርስት ነበር፤ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ያለች ጥቁር አፈር። እና ዳልቻ የሚባለው በሬ። መንደሩ ስለ እሷ የሚያወራው ነገር አልነበረውም። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጃንሆይ በዙፋናቸው፣ ግራዝማች ካሣሁን በጥድ አምባ የተቀመጡበት ዘመን ነው።

ማሩ ከሞተ በኋላ ፋንቱ ከጥላዬ ጋር መቀናጆ ገባች። ጥላዬ ከእስቴ የመጣ ሸማኔ ነው። በጋ ይሸምናል፤ ዝናብ ሲጥል የግራዝማችን መሬት በእኩል ያርሳል። የእሱም በሬ አንድ ነው፣ ወይኖ። ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምዶ ዛሬ የእሷን፣ ነገ የራሱን ያርሳል። እሷ ለሁለቱም በሬዎች ጭድ ታቀርባለች፤ በአረም ጊዜ ከሚስቱ ከብርቱካን ጋር ጎን ለጎን ታርማለች። ስንት ክረምት እንዲህ አሳለፉ። በእህል የተጣሉበት ቀን አልነበረም።

ጥላዬ ሲያርስ አፉ አያርፍም።

«እትዬ ፋንቱ፣ ይህ ዳልቻሽ ዳዊት የሚደግም መስሎ አንገቱን ይደፋል። ተኝቶ ነው እኮ።»

«የአንተ ወይኖ ምን ይሻላል? ሚስትህን ይመስላል። ሳይነኩት ይጮኻል።»

«ሰማሽ ብርቱካን?»

«ሰማሁ» ትላለች ብርቱካን ከአረሙ ቀና ሳትል። «ሳይነኩት ነው ያለችው። የማትነካ ማን ሆነና።»

የዚያን ዓመት በፋሲካ ማግስት ዳልቻ ከበረቱ ታጣ። የበረቱ አጥር ከውጭ ተነቅሏል። ጥላዬ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ አሰሰ፤ ኮቴም አላገኘ። ፋንቱ ነጠላዋን አደግድጋ ለማመልከት ወደ ግራዝማች ደጅ ሄደች።

ከአጥሩ ላይ አዲስ ቆዳ ተሰጥቷል፣ ፀጉሩ ወደ ውጭ። ገና ከሩቅ ቀለሙን አወቀችው። ቀረብ ስትል ጠባሳውን አየች። ባለፈው ዓመት ዳልቻን አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ ያዘው ብላ ቀኝ ወርቹ ላይ በጋለ ማጭድ ተኩሳዋለች፤ ቀንዱን የያዘላት ጥላዬ ነበር። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አድርጋ ልታቆም ስትል በሬው ተፈራገጠና ማጭዱ ሸርተት ብሎ ሦስተኛ ጠማማ መስመር እስከ አንገቱ ጎተተ። ሦስቱም አጥሩ ላይ ነበሩ።

ግራዝማች ደጃቸው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን ሆንሽ ፋንቱ?»

«በሬዬ ጠፋብኝ፣ ጌታዬ።»

«የት ፈለግሽው?»

«ጥላዬ ያልወረደበት ገደል የለም።» ዓይኗ ቆዳው ላይ ነው። «አሁን ግን ያገኘሁት መሰለኝ።»

ግራዝማች ዓይኗን ተከትለው አዩ። አልደነገጡም፣ አልተቆጡም።

«እሱ የኔ ሰንጋ ነው። ልጄ ለፋሲካ ያረደው።»

«ጠባሳው ጌታዬ…»

«በዚህ አገር በሬ የሚተኩስ አንቺ ብቻ ነሽ?»

ልጃቸው አንዳርጌ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ከእልፍኙ ወጣ። «እትዬ ፋንቱ ቆዳ አማራት እንዴ? አይፈረድባትም። ባል የሌለው ሰው ጀርባው ይበርደዋል።» አሽከሮቹ ሳቁ። ከአጥሩ ሥር ገመድ ይገምድ የነበረው ንጉሴ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ቆዳውን የገፈፈው እሱ ነው።

ነገሩ የተደበቀ አልነበረም። አባትየው ለባልንጀሮችህ ብዬ ከበረቴ በሬ አላርድልህም ሲሉት አንዳርጌ ሌላ በረት ሄደ። ማን እንደነዳ፣ ማን እንዳረደ፣ ጥሬ ጉበቱን ማን እንደቆረጠ፣ የበሉትም ያልበሉትም ያውቃሉ። ሥጋው የደረሰው ቤት ሁሉ እጁን ታጥቦ ዝም አለ።

ያን ቀን ማታ ፋንቱና ጥላዬ ተማከሩ። ስህተታቸው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«አውጫጭኝ ጠይቂ» አላት። «ሰው ፊት ለፊት ግራዝማችን አይናገርም። ለወፍ ግን ይናገራል።»

አውጫጭኝ እንዲህ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ መስቀል ይዞ ይምላል። ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ሰው ሁሉ በየተራ ለብቻው እየሄደ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የተናጋሪው ስም አይወጣም። ሽማግሌዎቹ ወጥተው «ወፍ እገሌን አለች» ይላሉ፤ ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። ስም ካልወጣ አጥቢያው አዋጥቶ የጠፋውን ይተካል። ደሃ እውነት ተናግሮ እንዳይጠቃ የቀደሙ ሰዎች ያበጁት ሥርዓት ነው። ፋንቱም ጥላዬም አምነውበት ነበር።

ግራዝማች ጥያቄዋን ሲሰሙ አልከለከሉም። «ሕግ ነው፤ ይሁን» አሉ። የሚካኤል አለቃ አባ ገብረ ሕይወት መስቀሉን ይዘው መጡ። አንዳርጌም ከሰዉ ጋር ተሰልፎ ማለ። ብዋሽ እንደ ይሁዳ ያድርገኝ አለ፤ ድምፁ ከሁሉ ይጎላ ነበር።

ፋንቱ ቆዳውን ይመልከቱልኝ ብላ ስለ ጮኸች ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ግራዝማች አጥር ሄዱ። እሷም ተከተለች። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ጓዴ ናቸው፤ የአባቷ ባልንጀራ፣ የአገሩ ትውልድ ቆጣሪ። ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ሁለት መስመር አለ» አሉ።

«ሦስተኛው ከጣትዎ ሥር ነው፣ አባቴ» አለች።

«አይታየኝም።»

«ጣትዎን ያንሱትና ይታይዎታል።»

አቶ ጓዴ ጣታቸውን አላነሱም። ሌሎቹ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩና ሁለት ነው አሉ። ግራዝማች ከመደባቸው ሆነው ይመለከታሉ። ንጉሴ ለሽማግሌዎቹ ጠላ ቀዳ።

ከዚያ ሰዉ ሜዳ ላይ ከረመ። ቆሎ እየቆረጠመ፣ ድርቆሽ በውኃ እያራሰ። መጀመሪያ ላይ ለፋንቱ የሚያዝን ነበር። በመሀል ዝናብ ጣለ። መሬቱ ራሰ፣ ሸተተ፣ ገብስ የሚዘራበት ቀን በዓይናቸው ፊት ማለፍ ጀመረ። ሰማይ የሚያዩ ሰዎች ወደ እሷ ማየት ጀመሩ።

«አንድ በሬ» አለ አንዱ፣ እንድትሰማው አድርጎ፤ «ሞቶም ቢሆን ይጠፋ ነበር።»

«የኔን ግማሽ መሬት ጨምራ በላች» አለ ሌላው።

በወፏ ማመን ያልተወው ጥላዬ ብቻ ይመስል ነበር። «ዛሬ ይወጣል» ይላታል ጠዋት ጠዋት። «ሁሉም ተናግሯል። ሲመለሱ ፊታቸውን አይቻለሁ።»

እውነቱን ነው። ሁሉም ተናግረዋል። ይህን ለፋንቱ የነገሯት ራሳቸው አቶ ጓዴ ናቸው። ሴት ከሜዳው አትቀመጥምና ከዳር፣ ከወይራው ሥር ነበረች፤ ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ወፏ ተናገረች?» አለች።

«ተናገረች። አብዝታ ተናገረች።»

«ማንን አለች?»

«የምታውቂውን።»

«እንግዲያው ወጥተው ይንገሯቸዋ።»

አቶ ጓዴ እርጥቡን አፈር በዱላቸው ጫፍ ጫሩ። «ያን ስም ይዤ መሀል ሜዳ ብቆም የሚሆነውን ልንገርሽ። ግራዝማች ወፎቹን አቅርብ ይላሉ። ነውር ነው ብል፣ ልጄን በነውር ስም አጠፋህ ይላሉ። ዞር ስል ወፎቹ የሉም። አንድም አይቀር። ሐሰተኛው እኔ እሆናለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ወደ አንቺ ይዞራሉ። የእናትሽ ርስት በማን በኩል እንደ ወረደ የሚቆጥረው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። የምቆጥረውም እሳቸው ደጅ ቆሜ ነው። አንዲት ሴት አያት ብዘል ርስቱ የአንቺ አይሆንም።»

«ይዘሏታል?»

«ቆዳውን እንዴት እንዳየሁት አይተሻል።»

ይህን ሲሉ አላፈሩም። ቀኑ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነበር የተናገሩት።

«ስም ሳይወጣ ቢቀርስ?» አለች።

«አገር ያዋጣል። ሳይዘራ የከረመ አገር ከዚህ በላይ ቢያዋጣ የሚረግመው ሌባውን ይመስልሻል?» ወደ ሜዳው ዞረው አዩ። «አንዲት ወፍ ሌላ ስም ብላለች።»

«ማንን?»

«ጥላዬን።»

ፋንቱ ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። «መቀናጆዬን? የኔን በሬ ቢሰርቅ የራሱን በሬ ከምን ጋር ጠምዶ ሊበላ ነው?»

«እኔም ይህንኑ አስቤያለሁ።»

«ያለው ንጉሴ ነው አይደል? የቆዳው ገፋፊ።»

«ወፍ ስም የላትም፣ ልጄ።»

«ታዲያ አንዲት ወፍ…»

«አንዲት ትበቃለች። ጥላዬ እዚህ ዘር የለው፣ ርስት የለው። የሚቆምለት ሰው የለውም። በሬውን ይሰጥሻል፣ ነገር ያልቃል፣ አገር ይዘራል። አንቺም መሬትሽ ጦሙን አያድርም።»

«ወይኖን ነው የሚሰጠኝ?»

«በሬ በሬ ነው።» ተነሱ። «የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በሰው ፊት ሲጠይቁሽ ተቀበይ። ባለ ንብረቷ ካልተቀበለች ነገሩ አይዘጋም። ግን አላስገድድሽም።»

ፋንቱ ሜዳውን አየች፤ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ መሬቷን። ውኃ ጠግቦ ጠቁሯል። አረም ብቅ ብቅ ብሎበታል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጓዴ መሀል ቆሙ። «ወፍ ጥላዬን አለች።»

ሁሉም የራሱን ሹክሹክታ ያውቃል፤ ሁሉም ያወጣው ስም ሌላ ነበር። እያንዳንዱ ጎረቤቱን አየ። እኔ አንዳርጌ ብያለሁ፣ አንተ ነህ ለካ ጥላዬ ያልከው፣ የሚል ዓይነት አተያይ። ከዚያ አንዱ «እኔስ ጠርጥሬው ነበር» አለ። ሌላው «መጤ ምኑ ይታመናል» ብሎ ተቀበለው። የፀሐይ ጥላ ሳይዛወር የሚያምኑ በዙ።

ጥላዬ ተነስቶ የቆመው ቀስ ብሎ ነው፤ የሌላ ሰው ስም የተጠራ መስሎት። «እኔ? የእትዬ ፋንቱን በሬ ብሰርቅ በምን ላርስ? ቀንበሬን ራሴ ልስበር?»

«ሸማኔ በሬ ምን ያደርግለታል» አለ አንዳርጌ። «በመወርወሪያው ይረስ።»

ሳቁ ሜዳውን ዞረ። ሲከርሙ የታፈነ ሳቅ ስለነበር ቶሎ አልቆመም። ጥላዬ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ማን ነው ያየኝ? ይቁምና ይንገረኝ።»

«ወፍ አትጠየቅም» አሉ አባ ገብረ ሕይወት። መስቀሉ እጃቸው ላይ ነው።

«ቆዳውስ? ሥጋውን የት በላሁት? ቤቴን ፈትሹ።»

ግራዝማች ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፤ ለጥላዬ ግን አልነበረም። «ባለ ንብረቷ ትቅረብ። ፋንቱ፣ ወፍ ያለችውን ሰምተሻል። ተቀብለሻል ወይስ አልተቀበልሽም?»

ከወይራው ሥር እስከ መሀል ሜዳ መጣች። ጥላዬ አያት። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እሷ ናትና፣ አሁን ያበቃል የሚል ፊት ነው። ቀንዱን ይዞላት በሬውን የተኮሰችበትን ቀን ታስታውሳለች ብሎ ነበር። ታስታውሳለች።

«ተቀብያለሁ» አለች።

ሰዉ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሜዳው ዙሪያ በጅራፍ ድምፅ ሞላ።

በማግስቱ ጥላዬ ወይኖን እየሳበ ደጇ መጣ። ገመዱን እጇ ላይ አላስቀመጠውም፤ ከደጇ ግንድ ላይ አሰረው።

«በግራ ነው የሚጠመደው» አለ። «በቀኝ ካደረጉት ይተኛል።»

«ጥላዬ…»

«ጨው በየሳምንቱ ይልሳል። ካላገኘ ያኮርፋል።»

ብርቱካን ራቅ ብላ ሴት ልጇን አቅፋ ቆማለች። ፋንቱ ወደ እሷ ስትዞር ብርቱካን «እኔ አንቺን ምን ብዬ» አለች። «አንቺ ምንም አላልሽ። ወፏ ናት ያለች።» ዕቃቸውን የሸመና እንጨት ሳይቀር በአህያ ጭነው ወደ እስቴ ሄዱ። ግራዝማች በሌባ እጅ መሬት አላሳርስም ብለው ነበርና፣ ባይሄዱም የሚያርሱት አልነበራቸውም።

ፋንቱ በሬ አገኘች። አንድ በሬ። የሚጠምደው ሰው የላት፣ አጣማጅም የላት። አገሩ ሁሉ የየራሱን ለመዝራት ሲሽቀዳደም ቀኑ አለፈባት። ግራዝማች አዘኑላት። የእሳቸው በሬ ከወይኖ ጋር ይጠመድ፣ ንጉሴ ይረስላት አሉ። ምርቱ እኩል ይሆናል፤ ገለባው ለሳቸው። እንዲህ ሆኖ ንጉሴ የዳልቻን ቆዳ በገፈፈበት እጅ የጥላዬን በሬ ጠምዶ የእናቷን ርስት ማረስ ያዘ። ክረምት በመጣ ቁጥር ፈቃድ የሚጠየቀው እሷ ሳትሆን ግራዝማች ሆኑ።

በጾመ ፍልሰታ ለነፍስ አባቷ ልትናዘዝ ሄደች። የነፍስ አባቷ ራሳቸው አባ ገብረ ሕይወት ናቸው።

«በሐሰት ተቀበልኩ፣ አባ። ሌባው እሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ።»

«አገር መስቀል ይዞ ምሏል» አሉ አባ። «መስቀሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ተናገሩ። ይህ ሁሉ ሐሰት ከሆነ ሐሰተኛው ማን ሊሆን ነው? ሽማግሌዎቹ? መስቀሉ?»

«እኔ ነኝ አባ። የራሴን ነው የምናዘዘው።»

«አንቺ የያዘሽ ሌላ ነው። በጌታሽ ልጅ ላይ ክፉ ታስቢያለሽ። ያለ ማስረጃ በልብሽ ትፈርጃለሽ። ይህን ተናዘዥ፣ ይህን ይፍታሽ።» ስግደት ሰጧት። የሰው ስም በልቧ ስላጠፋች። ሰገደች። ጨርሳ ስትነሳ ጉልበቷ አፈር ነክቶት ነበር፤ ሌላ የተለወጠ ነገር አላገኘችም።

ብዙ ክረምቶች አለፉ። አንድ ቀን፣ ንጉሴ ሁለተኛ እርሻ ሲያርስ እሷ ከኋላ ጓል እየከሰከሰች ሳለ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ እንግዳ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ እርሻው መጣ። አስማረ እባላለሁ አለ፤ ከእስቴ ነው፣ ደህና ገበሬ እንደሆነ ልብሱ ይናገራል። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

«እመት ፋንቱ፣ የመጣሁት ለልጅ ጉዳይ ነው። ልጄን ልድር ነው። የሸማኔውን የጥላዬን ልጅ አይቼለታለሁ። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ እጇ ሥራ ያውቃል። ወደድናት። እንግዲህ ዘር መጠየቅ ደንብ ነው። ስጠይቅ ስማዳ ላይ ነገር ነበረባቸው አሉኝ።»

ፋንቱ ዱላዋን አቆመች።

«ወሬ ብዙ ነው» አለ አስማረ። «አንዱ በሬ ሰርቆ ተባረረ ይላል። ጥላዬን ስጠይቀው አልሰረቅሁም፣ ሄደህ እሷን ጠይቃት፣ እሷ ታውቃለች አለኝ። እውነቱ ባለ ንብረቷ ዘንድ ነው ብዬ መጣሁ። እርስዎ አልሰረቀም ካሉኝ ለእኔ ይበቃኛል። የሌላው ወሬ ጉዳዬ አይደለም።»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። የሚያስፈልገው አንዲት ቃል ነው። ጥላዬ ይህን ሰው የላከው እንድትላት ነው።

ንጉሴ ትልሙ ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን አቁሟል። ማዞር ነበረበት፤ አላዞረም። ሞፈሩን ተደግፎ ያያታል። ከእሱ ትከሻ በላይ የግራዝማች ቤት ሣር ክዳን ይታያል። ያልተዘራው መሬት ከእግሩ ሥር ይጀምራል፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር።

«እመት ፋንቱ?» አለ አስማረ።

«በሬ ጠፍቶብኝ ነበር» አለች። «በሬ ተተክቶልኛል። ሌላ ምን ልንገርዎ?»

አስማረ ራሱን ነቀነቀ። መልሱን ሲያገላብጥ ቆየና ተነስቶ ጋቢውን አራገፈ። «ገባኝ። ሰው ላይ ክፉ መናገር አልወደዱም። ጨዋ ሰው ነዎት። ከወሬ ሁሉ የእርስዎ ይሻለኛል፤ በልጄ ላይ ሌባ አማት ከማምጣት አወጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ቤት ገብተው ጠላ አይቀምሱም?»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ሳይመሽ ልሂድ።»

ጋቢው ከመንገዱ ዳር እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው። ልትጠራው የምትችልበት ጊዜ ነበራት፤ ረጅም ዳገት ነው፣ ሰውየውም በእርጋታ ይሄድ ነበር።

«ማን ነው?» አለ ንጉሴ።

«መንገደኛ።»

«ምን ፈለገ?»

«መንገድ ጠየቀኝ። አሳየሁት» አለች። «ምን ትገተራለህ፣ አዙራቸው። ሊዘንብ ነው።»